ቃሬዛና ቀጠሮ
ለማይድን፣ ግን ለማይሞት ሕመምተኛ የሚገባው ምንድን ነው?

ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ከአንድ የደጋ መንደር ጩኸት ይሰማል እንበል። አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ወድቋል። ከሰሞኑ ውኃ ጠጥቶ አይረካም ነበር፤ ሌሊት ለሽንት ሲመላለስ ያድራል፤ ሥጋው ከላዩ አልቆ አጥንቱ ቀርቷል። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ይወጣል። ሊጠምድ የተነሣው በሬዎቹን ይተዋል፤ ከወጣቱ አባት ጋር በድንበር ሲካሰስ የከረመው ጎረቤት ቂሙን ለሌላ ቀን ያቆየዋል። ሁለት አጣና በገመድ ተጠፍሮ ጋቢ ይነጠፍበትና ቃሬዛ ይሆናል። ስምንት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ እየተፈራረቁ፣ ወንዝ ተሻግረው ዳገት ወጥተው፣ ወጣቱን ጤና ጣቢያ ያደርሱታል። በዚያ ሁሉ መንገድ «እኔ ምን ዕዳ አለብኝ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ይህ ሥዕል ለኢትዮጵያ ገጠር ሰው እንግዳ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ኮረብቶች ለሚኖረውም፣ ለሩዋንዳ ገበሬም እንዲሁ ነው። መኪና በማይገባበት አገር የሰው ትከሻ አምቡላንስ ሆኖ ኖሯል።

ወጣቱ አይሞትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በገዛ እግሩ ይመለሳል። እናቱ ታለቅሳለች፤ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት «እንኳን እግዜር ማረህ» ይላል። በእጁ ግን አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ጥቂት መርፌዎችና አንዲት የቀጠሮ ካርድ ይዟል። በሽታው ስኳር ነው። ከእንግዲህ በየቀኑ ኢንሱሊን መወጋት፣ በየወሩ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ በየሰዓቱም መብሉን ማሰብ አለበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚያስፈልገው ቀጠሮ እንጂ ቃሬዛ አይደለም። ቃሬዛውን ስምንት ሰዎች ተሸክመውት ነበር፤ ቀጠሮውን የሚሸከመው ግን እርሱ ብቻውን ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ሰው ለሰው ያለበት ግዴታ በአደጋ ቀን ብቻ የሚጸና ነውን? ለሚሞት ሰው እድር አለ፤ ለወደቀ ሰው ቃሬዛ አለ። የማይሞተውና የማይድነው ግን በየትኛው ደንብ ይተዳደራል?

ማዳን፣ ማከም፣ ማስታመም

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሦስት ቃላት አሉት። «ማዳን» መጨረሻ ያለው ሥራ ነው፤ የዳነ ሰው ከሐኪሙም ከበሽታውም ይለያል። «ማከም» የባለሙያ ሥራ ነው፤ ዕውቀትና መሣሪያ ይጠይቃል። «ማስታመም» ግን ከሁለቱም ይለያል። ከ«መታመም» ጋር አንድ ሥር ይጋራል፤ የሚያስታምም ሰው በሽታውን ከራሱ አርቆ የሚመለከት ሳይሆን ከሕመምተኛው ጋር ሕመሙ ውስጥ የሚገባ ነው። አስታማሚ ማደሪያው ከሕመምተኛው አልጋ ግርጌ ነው። ሥራውም ማብቂያ የተወሰነለት አይደለም።

የገጠሩ ማኅበረሰብ ማስታመምን ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን በአብዛኛው በሁለት መጨረሻዎች መካከል ላለ ጊዜ ነው፤ ሕመምተኛው ወይ ይድናል፣ ወይ ያርፋል። ልማዱም ቋንቋውም የተቀረጹት ለዚህ ነው። ጠያቂ ይመጣል፤ «ተሻለህ ወይ?» ይላል፤ መልሱም «ተመስገን፣ እየተሻለኝ ነው» ነው። በመጀመሪያው ወር ይህ ጥያቄ ፍቅር ነው። በሦስተኛው ዓመት ምን ይሆናል? ጠያቂው መጠየቅ ያፍራል፤ ተጠያቂውም «አልተሻለኝም፤ አይሻለኝምም፤ ግን አለሁ» ለማለት ቃል ያጣል። እንዲህ እያለ ጥያቄው ይቀራል። ጥያቄው ሲቀር ጠያቂውም ይቀራል። ክፋት ያደረገ ሰው የለም፤ ሕመሙ ግን ከማኅበረሰቡ ቋንቋ ውጭ ወድቋል።

ለዚህ ነው ለማይድን በሽታ የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ጥያቄ እውነትን የመናገር ጥያቄ የሚሆነው። በኢትዮጵያ ባህል የሞት ወሬ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ መርዶ ይነገራል፤ መርዶ የሰማ ሰውም ብቻውን አይተውም። «ይህ በሽታ እስከ ዕድሜህ ፍጻሜ ከአንተ ጋር ይኖራል» ማለትም መርዶ ነው። ሆኖም ሽማግሌ የሌለበት፣ አልቃሽ የሌለበት፣ በተጨናነቀ የጤና ጣቢያ ክፍል በጥቂት ደቂቃ የሚነገር መርዶ ነው። ተናጋሪው ነርስ ከደጅ ሃምሳ ሰው ይጠብቀዋል። ሰሚው ወጣት ግማሹን ሳይሰማ ይወጣል። ብዙ ጊዜ «መድኃኒቱን አቋረጠ» የሚባለው ሰው መርዶውን በወጉ ያልተረዳ ሰው ነው፤ ብልቃጡ ሲያልቅ በሽታውም ያለቀ መስሎታል።

መድኃኒቱ የፈጠረው ግዴታ

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት እንዲህ ያለው ወጣት ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም፤ ይሞት ነበር። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1921 የተጀመረው ምርምር ፍሬ አፍርቶ በጥር 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን ሲታከም የስኳር በሽታ ትርጉም ተለወጠ። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብታቸውን በ1923 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር። የዚያ አንድ ዶላር መልእክት ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር የአንድ ሰው ሀብት ሊሆን አይገባም። ይህ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ብልቃጡ ግን ዛሬም ከብዙ የምሥራቅ አፍሪካ መንደሮች አልደረሰም።

ኢንሱሊን በሽታውን አያድንም። ሞትን ግን ወደ ዕለታዊ ሥራ ይለውጠዋል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወጋ ሰው በዓመት 730 ጊዜ መርፌ በገዛ ሥጋው ላይ ያሳርፋል፤ በሠላሳ ዓመት 21,900 ጊዜ ይሆናል። በወር አንድ ቀጠሮ ካለው በዚያው ዘመን 360 ጊዜ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የቃሬዛው መንገድ አንድ ቀን ነበር። ከ360ው መንገድ አንዱ በሰኔ፣ ማሳው ለእርሻ በደረሰበት ቀን ይውላል፤ ሌላው ወንዙ በሞላበት በነሐሴ፤ ሌላው እናቱ በታመመችበት ሳምንት። ጀግንነት በአንድ ቀን ይፈተናል። እዚህ የሚፈለገው ግን ማንም የማያጨበጭብለት፣ በየማለዳው እንደ አዲስ የሚጀመር ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ በሽታ በከተማም በገጠርም ሥር የሰደደ አንድ አሳሳች አባባል አለ፤ «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ይባላል። ከጠገበና ከተቀመጠ ሰው ጋር የሚያያዝ የስኳር ዓይነት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከጎንደርና ከጅማ ዙሪያ ገጠሮች የመጡ፣ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞችን ያጠኑ ሐኪሞች፣ ከእነርሱም አንዷ የጎንደሯ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ሌላ ሥዕል ያሳያል። ብዙዎቹ ድሆች፣ ቀጫጮች፣ አብዛኞቹም ወንዶች የሆኑ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ጥናቱም ጥያቄ አነሣ፤ በልጅነት የደረሰ የምግብ እጦት ከዚህ በሽታ ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን?

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ በ1955 በጃማይካ ተገልጾ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶት በ1999 ግን ማስረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ከምድቡ ወጣ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» የሚል መጠሪያ ሰጥቶ ዕውቅና መለሰለት። በእነዚያ 26 ዓመታት ሕመምተኞቹ የትም አልሄዱም፤ ከመዝገብ የጠፋው ስማቸው ብቻ ነበር። ለሥነ ምግባር አሳቢ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስም የሌለው በሽታ በጀት አይመደብለትም፤ ተማሪም አይማረውም። ረኃብ በልጅነት የጎዳው ሰው አድጎ በጥጋብ በሽታ ታመመ ሲባል በአንድ ሕይወት ሁለት ጊዜ ይበደላል።

«ቸልተኛ ነው»

በጤና ተቋማት ውስጥ ለገጠር ሕመምተኛ የሚሰጥ አንድ ፍርድ አለ፤ «ቸልተኛ ነው፤ ቀጠሮ አያከብርም»። ይህ ፍርድ ሳይመረመር መጣል የለበትም። ሕመምተኛ ምንም ኃላፊነት የለበትም ማለት እርሱን ማክበር አይደለም፤ እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። መርፌውን ሌላ ሰው አይወጋለትም። ልቡ ካልቆረጠ የሐኪም ዕውቀትም የመንግሥት በጀትም ከንቱ ነው። ለራሱ ያለበት ግዴታ እውነተኛ ግዴታ ነው።

ነገር ግን ግዴታ ከአቅም በላይ አይሄድም። ቸልተኛ የሚባለው ማድረግ እየቻለ የተወ ሰው ነው። የቀጠሮው መንገድ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ ያ ቀን የቀን ሞያተኛ የዕለት ምግብ ከሆነ፣ ደርሶም «መድኃኒቱ አልቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» ከተባለ፣ ቀጠሮውን ያፈረሰው ማን ነው? ቀጠሮ የሁለት ወገን ቃል ነው። አንዱ ወገን ብቻ እየተመዘገበ «ቀረ» የሚባልበት መዝገብ ፍትሕ የጎደለው መዝገብ ነው።

የማቀዝቀዣውን ነገር እንመልከት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት ይላል መመሪያው። መብራት በሌለበት ቤት ይህ ትእዛዝ ምን ማለት ነው? ሰዎች በአፍሪካ ቀንድ ገጠሮች የራሳቸውን መላ ዘየዱ፤ ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አኖሩት፤ ውኃው ሲተን ማሰሮው ይቀዘቅዛል። መድኃኒቱን እንዲህ ያኖረ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ደንብ እንዳፈረሰ ይቆጠር ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኬንያ ዳዳብ፣ በዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው በ2021 ያወጡት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት ቢቀመጥም ኃይሉን እንደሚጠብቅ አሳየ። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ሁሉ ሕክምናውን በቤቱ ሊከታተል አይችልም የሚለው እምነት የተጋነነ ነበር። ደንቡ ማቀዝቀዣ ባለው ሰው ልክ ተሰፍቶ ነበር፤ ልብሱ አልሆነው ያለ ገበሬ ግን «ገላህ ነው የተበላሸው» ተባለ።

የቀጠሮንና የሰዓትን ነገር በተመለከተ የአፍሪካ ሕመምተኛ ከዚህ የከፋም ፍርድ ደርሶበታል። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ናትስዮስ፣ ብዙ አፍሪካውያን በሰዓት መኖርን ስለማያውቁ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ ያስቸግራቸዋል ብለው ተከራክረው ነበር። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በአካባቢውም አገሮች ሲስፋፋ፣ ሰዓት አያውቁም የተባሉት ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች በፀሐይ ጥላም፣ በዶሮ ጩኸትም፣ በቤተ ክርስቲያን ደወልና በአዛንም መድኃኒታቸውን መውሰድ ቻሉ። መድኃኒቱ ቀረበ፤ ክትትሉ ተዘረጋ፤ «አይችሉም» የተባሉት ቻሉ። ይህ ታሪክ ስለ ስኳርም፣ ስለ ደም ግፊትም፣ ስለሚጥል በሽታም ለሚከራከር ሁሉ ማስረጃ ነው።

የቁጥር ክርክር

ሌላም ክርክር አለ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደ ነው። ድሃ አገር ሁሉን ማድረግ አይችልም። ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ መድኃኒት በሚወጣው ገንዘብ ብዙ ሕፃናት ይከተባሉ፤ ብዙ እናቶች በሰላም ይገላገላሉ። ታዲያ ብዙውን ትቶ አንዱን መርዳት ፍትሕ ነውን?

ይህን ክርክር የሚያቀርብ ሰው ጨካኝ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር፣ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥና በየቀበሌው ስታሰማራ፣ በቅድሚያ ያተኮረችው በእናቶችና በሕፃናት ጤና፣ በተላላፊ በሽታዎችና በንጽሕና ላይ ነበር። ፍሬውም ታይቷል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከ1990 እስከ 2012 ባለው ጊዜ በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። የዚያን ምርጫ ትክክለኛነት መካድ አይገባም።

ሆኖም ክርክሩ አንድ ነገር ይዘነጋል። የተረፉት ሕፃናት ያድጋሉ። በ1990ዎቹ ከኩፍኝ የዳነው ልጅ ነው በሃያ ዓመቱ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ የመጣው። ልጅን ከኩፍኝ አድኖ በጎልማሳነቱ በስኳር እንዲሞት መተው፣ ቤት ሠርቶ ጣራ ሳያለብሱ እንደ መሄድ ነው። አንድ ጊዜ የተደረገ ማዳን ተከታይ ግዴታ ይወልዳል። ደግሞም ቁጥር የሚቆጥረው ሰው የሚዘለለውን አይቆጥርም። ያ ወጣት ሲወድቅ በሬዎቹ ይሸጣሉ፤ እህቱ እርሱን ልታስታምም ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል። የአንድ ሰው የማይድን በሽታ የአንድ ቤት የማይድን ድህነት ይሆናል። ይህን ሁሉ የደመረ ሰው «አንድ» ያለው ቁጥር አንድ ብቻ እንዳልሆነ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ስለ አስታማሚዋ መናገር ግድ ይላል። በገጠር ቤት አስታማሚ ማለት በአብዛኛው ሴት ማለት ነው፤ እናት፣ ሚስት፣ እህት ወይም ልጅ። የእርሷ ድካም በየትኛውም መዝገብ ላይ ወጪ ተብሎ አይጻፍም። «ፍቅር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ፍቅር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ፍቅር የተባለ ሸክም ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲቀር፣ ለሌሎቹ ከዕዳ ማምለጫ ይሆናል።

መደበቅና ተስፋ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ተረቱ። እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ በደባቂው ላይ ይጥላል። የሚደብቅ ሰው የሚደበቅበት ምክንያት አለው። ስኳር ያለባት ልጃገረድ መርፌዋን ከሌማት ሥር የምትሸሽገው ካወቁባት የሚያጫት ስለማይገኝ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ መደበቅ እንኳ አይችልም። በሽታው ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ እሳት ዳር ሲወድቅ የሚያነሣው እጅ አጥቶ የተቃጠለ ሰው ታሪክ በኢትዮጵያ ገጠር ብርቅ አይደለም። ይህ በሽታ በንክኪ አይተላለፍም። ቃሬዛ ለመሸከም ስምንት ሰው በሚወጣበት መንደር፣ ከእሳት ለማውጣት አንድ እጅ ይጠፋል። ይህን የሚያደርገው የልብ ክፋት ሳይሆን ዕውቀት ያጣ ፍርሃት ነው፤ ሆኖም ጠባሳው ያው ነው። መድኃኒት እንዲገኝለት በሽታውን መግለጥ ያለበት ሕመምተኛው ከሆነ፣ መግለጡ የማያስቀጣ እንዲሆን ማድረግ ደግሞ የመንደሩ ግዴታ ነው።

የተስፋም ጥያቄ አለ። የማይድን በሽታ የያዘው ሰው መዳንን ይመኛል፤ ምኞቱም ወደ ጠበል፣ ወደ ዱዓ፣ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይወስደዋል። ይህን እንደ ድንቁርና ብቻ የሚያይ ባለሙያ ነገሩን አልተረዳውም። ሰው የሚሻው ስኳሩን መቆጣጠር ብቻ አይደለም፤ ከሸክሙ መገላገልን ነው። አደጋው የሚመጣው ተስፋው መድኃኒቱን እንዲጥል ሲጠይቀው ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ሕመምተኞች ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ በተናገሩ ጊዜ፣ ብዙ ሰው በሁለት ግዴታዎች መካከል ከመቀደድ ድኗል። ተስፋን ሳይነኩ መድኃኒትን ማጽናት እንደሚቻል ያ ንግግር አሳይቷል። የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕመምተኞችም እንዲህ ያለ ቃል ከየእምነቱ አባቶች ሊሰሙ ይገባል።

ከቃሬዛ ወደ ቀጠሮ

እነዚህን ጥያቄዎች በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በሥራ የመለሱ ሰዎች በአካባቢው አሉ። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ «እንጎዚ» የሚባሉ የቃሬዛ ማኅበራት አሉ፤ እንጎዚ ሕመምተኛ የሚሸከሙበት ቃሬዛ ነው። አባላቱ በተራ ይሸከማሉ፤ መዋጮም ያዋጣሉ። በ1996 የኪሲዚ ሆስፒታል የጤና መድን ሲጀምር መሠረት ያደረገው እነዚህኑ ማኅበራት ነበር። ትከሻ የተዋሰ ሰው ገንዘብም በጋራ ማስቀመጥ እንደማያቅተው ታየ። በኢትዮጵያም በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በኋላ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል።

በጎንደርና በጅማ ዙሪያ፣ ክትትሉ ከከተማ ሆስፒታል ወጥቶ ሥልጠና ባገኙ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲሰጥ ተደረገ። ሕመምተኛው ወደ መድኃኒቱ ከሚሄድ መድኃኒቱ ወደ ሕመምተኛው ቀረበ። በሩዋንዳ በወረዳ ሆስፒታሎች ነርሶች የሚመሯቸው ክሊኒኮች ለከባድ የስኳርና የልብ ሕመምተኞች ተከፈቱ፤ ይህ ልምድ ካደገ በኋላ የአፍሪካ አገሮች የጤና ሚኒስትሮች በነሐሴ 2022 በሎሜ ተሰብስበው «ፔን ፕላስ» የተባለውን ስልት ለአህጉሩ ተቀበሉ። የእነዚህ ሥራዎች የጋራ ነጥብ አንድ ነው፤ ቀጠሮውን ከሕመምተኛው ትከሻ ላይ አንሥተው ለብዙዎች አከፋፈሉት።

ይህ የመንግሥትና የሆስፒታል ሥራ ብቻ አይደለም። ወንፈልና ደቦ ያለው መንደር፣ የሕመምተኛው ቀጠሮ በእርሻ ቀን ሲውል ጥማዱን የሚያውልለት ሰው በተራ መመደብ አይከብደውም። ለቀብር ድንኳንና ወንበር የሚገዛ እድር፣ ከመዋጮው ጥቂቱን ለአባሉ መድኃኒት ማመላለሻ ቢያውል የተመሠረተበትን ዓላማ አልሳተም፤ ቀብሩን አዘገየው እንጂ። እርግጥ ነው፣ የመንደር ርዳታ ጣጣ አለው። የረዳ ሰው ጓዳ መግባት፣ መብሉን መቁጠር፣ «ዛሬም ጠላ ጠጣህ» ማለት ይጀምራል። ርዳታ ቁጥጥር እንዳይሆን ልኩን የሚያውቅ ሽማግሌነት ይጠይቃል።

ይህም ሁሉ ተሠርቶ በአንድ ጀንበር ሊፈርስ ይችላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ወደ ትግራይ መንገዱ ሲዘጋ መቀሌን ጨምሮ ሆስፒታሎች ኢንሱሊን አልቆባቸው ሕመምተኞች ሞተዋል። በሱዳንም ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የተቀጣጠለው ጦርነት የማይድን ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከመድኃኒታቸው ለይቷል። ጥይት ያልነካው፣ ከማንም ጋር ያልተጣላ ሰው፣ ብልቃጥ ስላጣ ብቻ የጦርነት ሟች ይሆናል። መንገድ የሚዘጋ ሰው የስንቱን ሰው ቀጠሮ እንደሚያፈርስ ሊያውቅ ይገባዋል።

ያ ወጣት በመጪው ወር ቀጠሮው ነው። ብልቃጡ በማሰሮው ውስጥ፣ ካርዱም በእናቱ መሶብ ሥር ተቀምጧል። በዚያ ማለዳ ጩኸት አይሰማም፤ የሚያጣድፍ ነገርም የለም። ቃሬዛውን ከተሸከሙት ስምንት ሰዎች አንዱ በጓሮው በኩል ሲያልፍ «ተሻለህ ወይ?» ማለቱን ይተውና «ቀጠሮህ መቼ ነው? ጥማዱን እኔ አውልልሃለሁ» ቢለው፣ መንደሩ ለማይድነውና ለማይሞተው ልጁ የሚገባውን ቃል አገኘ ማለት ነው።